ሃርድ ሊንክ ትልቅ ፎልደርን በደቂቃዎች ይቀዳል፤ ፋይሎቹን ግን አያባዛም

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የመጻሕፍት ገጽ ቅንብር ቢሮ ውስጥ ሰርቨሩን የምከታተለው እኔ ነኝ። ሰርቨሩ በኡቡንቱ ሊኑክስ የሚሠራ ሲሆን 4 ቴራባይት ዲስኩ በኤክስት4 የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች ዲስክ ላይ በሚደራጁበት ስልት) የተዘጋጀ ነው። የሥራ ፎልደራችን 1.8 ቴራባይት ደርሷል፤ ውስጡ ወደ 900 ሺህ ፋይልና ወደ 60 ሺህ ንዑስ ፎልደር አለ። ሠራተኞቹ ከዊንዶውስ ኮምፒውተሮቻቸው በኔትወርክ እየገቡ ይሠሩበታል። ዓርብ ዓርብ ማታ ሙሉውን እዚያው ዲስክ ላይ እቀዳለሁ፤ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ይቆያል፣ መብራት ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ነው፣ ከአንድ ቅጂ በላይም ዲስኩ አይችልም። አንድ ባልደረባዬ በሃርድ ሊንክ ብቀዳ በደቂቃዎች እንደሚያልቅና ቦታ እንደማይወስድ ነገረኝ። ሞከርኩት፣ እውነት ነው። በየቀኑ ላድርገው? ሠራተኛ ፋይል ቢያበላሽ የትናንቱን አገኛለሁ? ለመጠባበቂያ በገዛነው ውጫዊ ዲስክ ላይስ በዚሁ መንገድ ማስቀመጥ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ባልደረባዎ ስለ ፍጥነቱም ስለ ቦታውም የነገሩዎት ትክክል ነው። እርስዎ ከዚያ ተነስተው ሊያደርጉት ያሰቡት ግን ቢሮውን ለአደጋ ያጋልጣል። የሥራ ፎልደሩን በየቀኑ በሃርድ ሊንክ እየቀዱ ከቀጠሉ፣ የተበላሸ ምዕራፍ ፍለጋ የትናንቱን፣ የትናንት ወዲያውን፣ የባለፈውን ሳምንት ቅጂ ከፍተው በሁሉም ውስጥ ያንኑ የተበላሸ ምዕራፍ የሚያገኙበት ቀን ይመጣል። ቅጂ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል፤ ሠላሳ ቅጂ ያለው የሚመስለው ሰው ግን አይጠነቀቅም። ስለዚህ ሃርድ ሊንክ ምን እንደሚሠራ በደንብ መለየት ያስፈልጋል፤ በትክክለኛው ቦታ ሲውል ችግርዎን የሚፈታው እሱው ነውና።

ሊኑክስ ላይ የፋይል ስምና ፋይሉ ራሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፋይሉን የሚወክለው አይኖድ የሚባል፣ የራሱ ቁጥር ያለው መዝገብ ነው። የፋይሉ ባለቤት፣ የማንበብና የመጻፍ ፈቃዱ፣ መጠኑ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ሰዓት፣ ይዘቱም ዲስኩ ላይ የት የት እንደተቀመጠ የሚመዘገበው እዚያ ነው። ስሙ ግን አይኖዱ ውስጥ የለም፤ ያለው ፎልደሩ ውስጥ ነው። ፎልደር ማለት «ይህ ስም የዚህ ቁጥር አይኖድ ነው» እያለ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ነው። ሃርድ ሊንክ ሲፈጥሩ ቀድሞ ለነበረው አይኖድ አንድ ተጨማሪ ስም ሰጡት እንጂ ከይዘቱ አንዲት ባይት እንኳን አልቀዱም። አንድ ሰው ሰፈር ውስጥ በዓለማዊ ስሙ፣ በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ ይጠራል፤ በየትኛው ስም ጠርተው ቢመቱት የሚያመው ያው አንዱ ሰው ነው።

ከሁለቱ ስሞች አንዱ ዋና፣ ሌላው ተከታይ አይደለም። የሌላ ፋይልን አድራሻ ብቻ ከሚይዘው ሲምቦሊክ ሊንክም ሆነ ዊንዶውስ ላይ ከምናውቀው ሾርትከት የሚለየው በዚህ ነው፤ ሾርትከት የሚያመለክተው ፋይል ከጠፋ ባዶውን ይቀራል፣ ሃርድ ሊንክ ግን የመጀመሪያው ስም ቢሰረዝም ፋይሉን እንደያዘ ይኖራል። አይኖዱ ስንት ስም እንዳለው ይቆጥራል። «ሰርዝ» ሲባል የሚነሳው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ቦታው ነጻ የሚሆነው ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስና ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ሳይኖር ሲቀር ነው። እንግዲህ የአሁኑ ሙከራዎ ከአንድ ዓይነት አደጋ ይጠብቅዎታል፤ ሠራተኛ ፋይሉን ቢሰርዝ ሌላው ስም ይቀራል። ይዘቱን ቢለውጥ ግን የተለወጠው በሁለቱም ስም የሚጠራው አንዱ ፋይል ስለሆነ ከቅጂዎ የሚያገኙት ምንም የለም።

«ቦታ አይወስድም» የሚለው በትክክል እንዲገባዎት አንድ ነገር ልጨምር። ለፎልደር ሃርድ ሊንክ መፍጠር ሊኑክስ አይፈቅድም፤ ቢፈቀድ አንድ ፎልደር በራሱ ውስጥ ሊገኝና የሚያስሱት ፕሮግራሞች ማብቂያ የሌለው አዙሪት ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። አፕል በ2007 ባወጣው የታይም ማሽን መጠባበቂያ የፎልደር ሃርድ ሊንክ ተጠቅሞ ነበር፤ በእርስዎ ሰርቨር ግን አይሆንም። ስለዚህ «ሲፒ» የተባለው የመቅጃ ትእዛዝ «ኤ» እና «ኤል» የሚባሉት ምርጫዎች ሲጨመሩለት 60 ሺዎቹን ፎልደሮች አንድ በአንድ አዲስ ይፈጥራል፣ በውስጣቸው ያሉትን 900 ሺህ ፋይሎች ደግሞ በሊንክ ያገናኛል። ኤክስት4 ላይ አንድ ፎልደር ቢያንስ 4 ኪሎባይት ይይዛል፤ 60 ሺው ተደምሮ 240 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ከ1.8 ቴራባይት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ቅጂው ደቂቃዎች የሚፈጅብዎትም በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንመለስ። ፕሮግራሞች ፋይል ሲያስቀምጡ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይከተላሉ። አንዳንዶቹ አዲሱን ይዘት በጊዜያዊ ስም አዲስ ፋይል ላይ ይጽፉና ሲጨርሱ በአሮጌው ስም ይተኩታል፤ ዎርድ እንዲህ ያደርጋል፣ «ሴድ» የተባለው ትእዛዝም ነባር ፋይል ሲያስተካክል እንደዚሁ ነው። በዚህ ጊዜ ሊንኩ ይበጠሳል፤ የሥራው ስም ወደ አዲሱ አይኖድ ያመለክታል፣ ቅጂው አሮጌውን እንደያዘ ይቀራል። ሌሎቹ ደግሞ ያንኑ ፋይል ከፍተው በላዩ ላይ ይጽፋሉ። የዊንዶውስ ኖትፓድ፣ የሊኑክስ ናኖ፣ የትእዛዝን ውጤት ወደ ነባር ፋይል ማዞር፣ መረጃ ቋቶች፣ በፋይሉ መጨረሻ ላይ እየጨመሩ የሚጽፉ ፕሮግራሞች ሁሉ በዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ ሲጽፉ በሃርድ ሊንክ የተያዙት ቅጂዎች ሁሉ አብረው ይለወጣሉ፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ የስህተት መልእክት የለም።

ሙከራዎ የተሳካ ሊመስልዎት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ምናልባት አንድ የዎርድ ሰነድ ለውጠው፣ ቅጂው እንዳልተነካ አይተው ረክተው ይሆናል። ያ የመሰከረው ስለ ዎርድ እንጂ ስለ ቅጂው አይደለም። ቢሮው ውስጥ ያሉትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ መፈተን ከፈለጉ መንገዱ ቀላል ነው፦ አንድ ፋይል ላይ ሃርድ ሊንክ ይፍጠሩ፤ የሁለቱን ስሞች አይኖድ ቁጥር በ«ኤልኤስ» ትእዛዝ «አይ» በሚባለው ምርጫ ይመልከቱ፣ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ከዚያ ሠራተኛው ፋይሉን በተለመደው ፕሮግራም ከፍቶ ለውጦ ያስቀምጥ፤ ቁጥሮቹን እንደገና ይመልከቱ። ከተለያዩ ፕሮግራሙ አዲስ ፋይል ይተካል፤ አንድ ዓይነት ሆነው ከቀሩ በላዩ ላይ ይጽፋል። ነገር ግን የቢሮውን ደኅንነት በዚህ ፈተና ላይ እንዲያቆሙ አልመክርም። የፕሮግራሙ ቀጣይ እትም፣ ወይም በአማራጮቹ ውስጥ የተነካ አንድ ምልክት፣ መልሱን ሊገለብጠው ይችላል።

ከይዘቱ ሌላ አይኖዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ የጋራ ነው። «ቅጂው እንዳይነካ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ልስጠው» ብለው ቅጂው ላይ ፈቃድ ቢቀንሱ፣ ነገ ጠዋት ሠራተኞቹ በሥራ ፎልደሩ ያሉ ፋይሎች ላይ መጻፍ አልቻልንም ብለው ይመጡብዎታል። ፈቃዱም የአይኖዱ እንጂ የስሙ አይደለምና። ተመሳሳይ አደጋ ከፋይል ቆላፊ ቫይረስ ይመጣል፤ ከአንድ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ገብቶ በኔትወርክ የሥራ ፎልደሩን በላዩ ላይ እየጻፈ ቢቆልፍ፣ ሠላሳ የሃርድ ሊንክ ቅጂዎችዎ ሳይከፈቱ አብረው ይቆለፋሉ።

ታዲያ ሃርድ ሊንክ ለምን ይጠቅማል? ከተጻፈ በኋላ ፈጽሞ ለማይለወጥ ነገር። የፕሮግራም ጸሐፊዎች የሥራቸውን እትሞች የሚይዙበት ጊት አንድ ፕሮጀክት እዚያው ዲስክ ላይ ሲባዛ የውስጥ ፋይሎቹን በሃርድ ሊንክ የሚያገናኘው እነዚያ ፋይሎች አንዴ ከተጻፉ በኋላ ስለማይነኩ ነው። ለእርስዎም ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው፤ ሊንኩ መፈጠር ያለበት በሥራ ፎልደሩና በቅጂው መካከል ሳይሆን ማንም በማይነካቸው በትናንቱ ቅጂና በዛሬው ቅጂ መካከል ነው።

ይህን በትክክል የሚሠራው «አርሲንክ» ነው። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ የሠሩት ይህ ፕሮግራም ከ1996 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ኡቡንቱ ላይም በቀላሉ ይገኛል። «ሊንክ ዴስት» የሚባለው ምርጫው እንዲህ ይሠራል። የመጀመሪያው ቀን ሙሉው 1.8 ቴራባይት ወደ ሌላ ዲስክ በእውነት ይቀዳል፤ ከዚህ ማምለጫ የለም፣ መፈለግም የለበትም። በሁለተኛው ቀን አርሲንክ የሥራ ፎልደሩን ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር ያነጻጽራል፤ ያልተለወጠውን ፋይል ከትናንቱ ቅጂ ጋር በሃርድ ሊንክ ያገናኛል፣ የተለወጠውን ወይም አዲሱን ብቻ በእውነት ይቀዳል። የሁለተኛው ቀን ፎልደር ሲከፈት 900 ሺውም ፋይሎች አሉበት፤ የወሰደው ቦታ ግን የዕለቱን ለውጥ ያህል ነው። ሠራተኞቻችሁ በቀን ለምሳሌ 8 ጊጋባይት ያህል ፋይል የሚለውጡ ቢሆን የአንድ ወር ዕለታዊ ቅጂ 240 ጊጋባይት ገደማ ይጨምራል፤ ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር 4 ቴራባይት ዲስክ ላይ በምቾት ይቀመጣል። ከሥራ ፎልደሩ ጋር አይኖድ የሚጋራ ፋይል ስለሌለ በሥራ ላይ የሚደርስ ብልሽት ወደ ኋላ ተጉዞ የትናንቱን አይነካም።

ከእነዚህ ዕለታዊ ቅጂዎች አንዱን መሰረዝም ሌሎቹን አይጎዳም። የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ እንኳን ቢሰርዙ በኋለኞቹ ውስጥ ያሉት ፋይሎች እንዳሉ ይቆያሉ፤ የሚጠፋው ሌላ ስም የሌለው ብቻ ነው። ብዙ ሰው «መሠረቱን ካጠፋሁ የተገነባበት ሁሉ ይፈርሳል» ብሎ ይፈራል፤ ይህ ፍርሃት ለውጦችን ብቻ ለሚያስቀምጡ የመጠባበቂያ ዘዴዎች ትክክል ነው፣ እዚህ ግን አይሠራም። አንድን ቅጂ ሰርዘው የተለቀቀው ቦታ ትንሽ ቢሆን አይገረሙ። ሊንኮቹን በትክክል የሚቆጥረው «ዲዩ» የተባለው የቦታ መለኪያ ትእዛዝ ሲሆን፣ ሁሉንም ቅጂዎች በአንድ ትእዛዝ ሲሰጡት የመጀመሪያውን ሙሉ፣ ተከታዮቹን ደግሞ የጨመሩትን ብቻ አድርጎ ያሳያል። ለየብቻ ከጠየቁት እያንዳንዱን 1.8 ቴራባይት ይልዎታል።

ሰዎች የሚሰናከሉባቸውን ቦታዎች ልንገርዎ። የሊንክ ዴስት አድራሻ ከስሩ ጀምሮ በሙሉ ካልተጻፈ አርሲንክ የሚፈልገው ከመድረሻው ፎልደር ተነስቶ እንጂ እርስዎ ካሉበት ቦታ አይደለም። ካላገኘው አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ይጽፍና ሁሉንም ፋይል እንደ አዲስ መቅዳቱን ይቀጥላል፤ ሥራው በሌሊት በራሱ የሚሄድ ከሆነ ይህን የሚያውቁት ዲስኩ ሲሞላ ነው። አድራሻውን ሁልጊዜ ሙሉ አድርገው ይጻፉ። እንዲሁም ይዘቱ ሳይለወጥ የባለቤትነት ወይም የፈቃድ ለውጥ ብቻ ቢኖር ፋይሉ በሊንክ አይያዝም፣ እንደገና ይቀዳል፤ በሥራ ፎልደሩ ላይ ያሉትን ፈቃዶች በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ከለወጡ በማግስቱ ሙሉ 1.8 ቴራባይት ይጠብቅዎታል።

ሌላው የፎልደር ስም መቀየር ነው። አርሲንክ የሚያነጻጽረው በስምና በቦታ ስለሆነ አንድ ሠራተኛ 40 ጊጋባይት ሥዕሎች ያሉበትን ፎልደር ከ«በሥራ ላይ» ወደ «የታተሙ» ቢያዛውር ያ ሁሉ እንደ አዲስ ይቀዳል። በማተሚያ ቤት ሥራ ይህ የየሳምንቱ ነገር ነውና የሚያስፈልግዎትን ቦታ ሲያሰሉ ታሳቢ ያድርጉት። ሊንክ ምንም የማይቆጥብባቸው ፋይሎችም አሉ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚለወጥ 60 ጊጋባይት የኢሜይል ማከማቻ ወይም መረጃ ቋት በየቀኑ 60 ጊጋባይት ይወስዳል። እንዲህ ያሉትን ከዚህ አሠራር አውጥተው በራሳቸው መንገድ ያስቀምጡ። «ኢንፕሌስ» የሚባለውን ምርጫ ደግሞ በፍጹም አይጨምሩ። አርሲንክ በተለመደው አሠራሩ አዲስ ፋይል ጽፎ በስም ስለሚተካ የቆዩት ቅጂዎች አይነኩም፤ ኢንፕሌስ ግን በላዩ ላይ እንዲጽፍ ያስገድደዋል፣ በሊንክ ወደ ተሞላ ፎልደር ከተጻፈ የቀደሙትን ቅጂዎች ሁሉ ያበላሻል።

የመብራቱ ጉዳይ ከሚያስቡት በላይ በቀላሉ ይፈታል። አርሲንክ ሲቋረጥና እንደገና ሲጀመር ተቀድተው ያለቁትን ፋይሎች ይዘላቸዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ረጅም ቅጂ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢቋረጥ እንኳን ከመጀመሪያው አይጀምርም። ዕለታዊውን ደግሞ «ያልተጠናቀቀ» በሚል ስም ፎልደር ውስጥ ያስጀምሩት፤ አርሲንክ ያለ ስህተት ከጨረሰ በኋላ ብቻ ስሙ ወደ ዕለቱ ቀን ይቀየር። ስም መቀየር በግማሽ የሚቋረጥ ሥራ አይደለም፤ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። እንዲህ ከሆነ ቀን የተጻፈበት ፎልደር ሁሉ የተሟላ ቅጂ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ግማሽ ቅጂ ሙሉ መስሎ አያታልልዎትም። ለሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌላችሁ ግን ከማንኛውም ነገር አስቀድመው እንዲገዛ ባለቤቱን ያሳምኑ።

ስለ ቀንና ሰዓት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እዚህ አገር ደጋግሞ የሚያሳስት ነው። ቅጂው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲጀምር ከፈለጉ ሥራዎችን በሰዓታቸው በሚያስጀምረው «ክሮን» ውስጥ የሚጻፈው 2 ነው፤ 8 ብለው ከጻፉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት ዲስኩን ማሰስ ይጀምራል። የኡቡንቱ ሰርቨር የሰዓት ክልል ሳይስተካከል ከተተወ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት ሊሄድ ይችላል፤ አዲስ አበባ ከእሱ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም 2 ብለው የጻፉት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። መጀመሪያ የሰዓት ክልሉን ያስተካክሉ። የፎልደሮቹን ስም በተመለከተ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ ወርና ቀን ሁልጊዜ ባለ ሁለት አኃዝ ሆነው ይጻፉ፤ በፊደል ሲደረደሩ በጊዜም ይደረደራሉ። ሰርቨሩ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ስለሆነ ስሙን በዚያው ይተዉት። ግማሹን በእኛ፣ ግማሹን በእነሱ አቆጣጠር መሰየም ከጀመሩ ጳጉሜን ላይ ሲደርሱ የትኛው የትኛውን እንደሚቀድም መለየት ያስቸግራል፤ ቆየት ያለውን የሚሰርዘው ትእዛዝም የተሳሳተውን ፎልደር ሊያነሳ ይችላል።

ወደ ውጫዊው ዲስክ ስንመጣ፣ ከሥራ ፎልደሩ ወደ እሱ ሃርድ ሊንክ መፍጠር በምንም መንገድ አይቻልም። የአይኖድ ቁጥር ትርጉም ያለው በአንድ የፋይል ሥርዓት ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላው ዲስክ የራሱ ቁጥሮች አሉት። በዲስኩ በራሱ ውስጥ፣ በቅጂና በቅጂ መካከል ግን ይቻላል፤ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው። ይህም እንደ ዲስኩ አዘገጃጀት ይወሰናል። ከሱቅ የሚገዙ ውጫዊ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ኤክስፋት ሃርድ ሊንክ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በዚያ ላይ ዕለታዊ ቅጂ ቢጀምሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ዲስኩ ይሞላል። ኤንቲኤፍኤስ ያውቃል፣ ነገር ግን አንድ ፋይል ከ1,024 ስም በላይ ሊኖረው አይችልም፤ በየቀኑ አንድ ቅጂ እየያዙ ምንም ባይሰርዙ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጣሪያው ይነካል። የኤክስት4 ጣሪያ 65,000 ስለሆነ በቀን አንድ ቅጂ ለሚይዝ ቢሮ አይታሰብም። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ሌላ ዕቃ አለመኖሩን አረጋግጠው በኤክስት4 እንደገና ያዘጋጁት፤ ይህ በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አይርሱ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ቢሰኩት በቀጥታ አይነበብም፤ ሰርቨሩ በሞተ ቀን ለመክፈት እንዲያስችልዎት ኡቡንቱ የሚነሳበት አንድ ፍላሽ ዲስክ አዘጋጅተው ከዲስኩ ጋር ያስቀምጡ።

ኤክስት4ን ስለ አይኖድ ብዛትም መፍራት አያስፈልግም። የአይኖዶቹ ቁጥር ዲስኩ ሲዘጋጅ ይወሰናል፤ በተለመደው አዘገጃጀት ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ ስለሚመደብ 4 ቴራባይት ላይ ወደ 240 ሚሊዮን ይሆናል። ሃርድ ሊንክ አዲስ አይኖድ አይወስድም፤ የሚወስዱት ፎልደሮቹና የተለወጡት ፋይሎች ናቸው። 60 ሺህ ፎልደር በየቀኑ ለአንድ ዓመት ቢደጋገም 22 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ይህን ሁሉ በደንብ ቢያደርጉም እያንዳንዱ ያልተለወጠ ፋይል መጠባበቂያ ዲስኩ ላይ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሠላሳ ቀን ይታያል፣ በብረቱ ላይ የተጻፈው ግን አንድ ነው። የተጻፈበት ቦታ ቢበላሽ በሠላሳውም ቀን ይበላሻል። ሌባ፣ እሳት ወይም የፈነዳ ቧንቧ ደግሞ ሰርቨሩንና አጠገቡ ያለውን ዲስክ አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ ሦስተኛ ዲስክ ያስፈልጋል፤ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ፣ በተመሳሳይ መንገድ በቀጥታ ከሥራ ፎልደሩ ተቀድቶበት፣ ከአራት ኪሎው ሕንጻ ውጭ የሚያድር። ከሁለተኛው ዲስክ የቅጂዎቹን ክምችት እንዳለ ወደ ሦስተኛው ለማዛወር አይሞክሩ፤ ሊንኮቹን ጠብቆ ለማዛወር የተለየ ምርጫ ያስፈልጋል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስሞች ሲሆኑም ብዙ ሜሞሪ ይበላል፣ ምርጫውን ከረሱ ደግሞ ሁለት ቴራባይቱ ወደ ሃምሳ ያብጣል።

ሌላ ፍላጎት ደግሞ ሊኖራችሁ ይችላል፤ የአንድን መጽሐፍ ፎልደር ለሁለተኛ እትም አባዝቶ በአዲሱ ላይ መሥራት። ለዚህ ሃርድ ሊንክ ፈጽሞ አይሆንም፤ የመጀመሪያውን እትም ያጠፋባችኋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የተፈጠረው ሪፍሊንክ ነው። በሪፍሊንክ የተቀዳ ፋይል የራሱ አይኖድ አለው፤ ከመጀመሪያው የሚጋራው በዲስኩ ላይ ያለውን ይዘት ብቻ ነው፣ አንዱ ሲለወጥ የተለወጠው ክፍል ለእሱ ለብቻው ይጻፋል። ፍጥነቱም ቁጠባውም እንዳለ ሆኖ አደጋው ይቀራል። ኤክስት4 ግን ይህን አይችልም። ቢቲአርኤፍኤስና ኤክስኤፍኤስ የተባሉት የፋይል ሥርዓቶች ይችላሉ፤ ኤክስኤፍኤስ ከ2019 ወዲህ ባሉ መሣሪያዎች ሲዘጋጅ ችሎታው ይካተትበታል፣ ሳይካተት ለተዘጋጀ ዲስክ ግን በኋላ መጨመር አይቻልም። የ«ሲፒ» ትእዛዝም ከ2021ዱ 9.0 እትም ጀምሮ ሳይጠየቅ ሪፍሊንክን ይሞክራል፤ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው ከዚያ የቀደመ ስለሆነ ምርጫውን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። የሥራ ዲስካችሁን ዛሬ አፍርሱት አልልም። ሰርቨሩ የሚቀየርበት ቀን ሲመጣ ግን የሥራ ዲስኩ በኤክስኤፍኤስ ይዘጋጅ፤ እስከዚያው ለሁለተኛ እትም የሚሆነውን ፎልደር ቦታ ቢወስድም በተለመደው መንገድ በእውነት ይቅዱት።

ምክሬ ይህ ነው፤ የሥራ ፎልደሩን በሃርድ ሊንክ መቅዳት ያቁሙ። ውጫዊውን ዲስክ በኤክስት4 አዘጋጅተው ሰርቨሩ ላይ ይሰኩ፣ በኔትወርክ ለማንም አያጋሩት፤ ሠራተኛ የቆየ ፋይል ሲፈልግ እርስዎ ያውጡለት። በአርሲንክና በሊንክ ዴስት ሠላሳ ዕለታዊና አሥራ ሁለት ወርሃዊ ቅጂ ይያዙ። በወር አንድ ቀን የዘፈቀደ ፋይል ከቆየ ቅጂ አውጥተው ይክፈቱ፤ በተመሳሳይ ቀን የመጨረሻውን ቅጂ ከሥራ ፎልደሩ ጋር በይዘት እንዲያነጻጽር «ቼክሰም» በሚባለው ምርጫ አርሲንክን ለማየት ብቻ ያስኪዱት። አርሲንክ ዕለት ዕለት የሚያነጻጽረው መጠንንና ሰዓትን ብቻ ስለሆነ በዝምታ የተበላሸ ዲስክ የሚጋለጠው በዚህ ነው።

በሙከራ የፈጠሯቸውን የሃርድ ሊንክ ፎልደሮች ለመሰረዝ አይቸኩሉ፤ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ውጫዊው ዲስክ ላይ አልቆ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን። በዚያን ጊዜ ፎልደሮቹን በተለመደው የመሰረዣ ትእዛዝ ያንሷቸው፤ የሚነሱት ስሞቹ ብቻ ስለሆኑ የሥራ ፋይሎቹ አይነኩም። በውስጣቸው ያሉትን ፋይሎች «ባዶ ላድርጋቸው» ብለው ግን እንዳይሞክሩ፤ ባዶ የሚሆነው የሥራ ፋይሉ ነው።